ምዕራፍ 6፦ አረሙና ማሳው

ቀኑ ዓርብ ነው፣ የዓቢይ ጾም አጋማሽ። አንድ የክልል ማረሚያ ቤት በር ላይ የአጎቴን ልጅ ልጠይቅ ተሰልፌአለሁ። ከፊቴ ያሉት እናት ሳህናቸውን በነጭ ጨርቅ ቋጥረው፣ በፌስታል ከተው፣ ደረታቸው ላይ አቅፈውታል። ተራቸው ሲደርስ ፈታሿ ቋጠሮውን ፈታች፣ እንጀራውን አንድ በአንድ ገለጠች፣ ሽሮውን እስከ ሥሩ በማንኪያ አማሰለችው። ከዚያ ማንኪያውን ለሴትየዋ ዘረጋችላቸው።

«እማማ፣ ይቅመሱ።»

«የኔ ልጅ፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እንዴት አድርጌ?»

ስንቅ ያመጣ ሰው ካልቀመሰ ምግቡ አይገባም። ሰዓቱ አምስት ተኩል ነበር። ፈታሿም ማተቧን አስራለች፤ ማንኪያውን ይዛ አንዴ ወደ አለቃዋ፣ አንዴ ወደ እናትየው ታያለች። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። «እኔ ልቅመስልዎት» ብዬ ተቀበልኳት፤ ጾሙን እስከ ስድስት ሰዓት እንኳ የማልዘልቅ ሰነፍ ስለሆንኩ ብዙ አልጎዳም። ሽሮው ቃሪያ በዝቶበታል። «እሱ እንዲህ ካልሆነ አይበላም» አሉኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

ባለፈው ምዕራፍ ዳኛው ቅጣት እንዴት እንደሚያሰላ አይተናል። መነሻውን ይይዛል፣ ማክበጃውን ይጨምራል፣ ማቅለያውን ይቀንሳል፣ በመጨረሻ «ዘጠኝ ዓመት ጽኑ እስራት» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ዘጠኝ ዓመት 3,285 ቀን ነው። እነዚያ ቀናት ምን እንዲሠሩ ነው የተፈለጉት? የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ይኸው ነው፤ መልሱን የምንፈልገውም እዚያው በር ላይ ከተጻፈው ቃል ነው።

አንድ ግስ፣ ሁለት ገበሬ

«ማረም» የሚለውን ቃል ገበሬም መምህርም ይጠቀሙበታል። መምህር ፈተና ያርማል፤ ገበሬ ጤፍ ያርማል። ጤፍ ማረም ደግሞ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ቡቃያውና አረሙ በልጅነታቸው ስለሚመሳሰሉ አጎንብሶ፣ በእጅ እየለዩ መንቀል ግድ ነው። የቸኮለ ሰው ጤፉንም አብሮ ይነቅላል።

እንግዲህ «ታራሚ» ስንል ሰውየው በዚህ ሥዕል ውስጥ የቱ ጋ ነው ያለው? አረሙ ራሱ እሱ ከሆነ ማሳው ማኅበረሰቡ ነው ማለት ነው፤ ይነቀልና ከዳር ይጣላል፣ የቀረነው ተመችቶን እናድጋለን። ማሳው እሱ ከሆነ ግን የሚነቀለው ከውስጡ ነው፦ ስካሩ፣ ቁጣው፣ ሥራ አለማወቁ፣ ውሎው። የመጀመሪያው ገበሬ የሚያስፈልገው ጠንካራ አጥር ነው። ሁለተኛው ጊዜ፣ ውኃና ሰብሉን ከአረሙ የሚለይ ዓይን ይፈልጋል። በዓለም ላይ ያሉ እስር ቤቶች ከሞላ ጎደል እነዚህን ሁለት ገበሬዎች በአንድ ደመወዝ ቀጥረው አንድ ማሳ ላይ ያሰማሩ ናቸው። ከእስር ቤት ችግሮች ብዙዎቹን ከዚህ ቅጥር ተነስቶ ማስረዳት ይቻላል።

ስሞቹ የሚናገሩት

በአገራችን የዚህ ቤት ስም ደጋግሞ ተለዋውጧል፤ እያንዳንዱ ስም ቤቱ ምን እንዲሠራ እንደተፈለገ ይናገራል።

«ወህኒ» በጎንደር ዘመን የነገሥታቱ ልጆችና ወንድሞች ዙፋን እንዳይሻሙ ይጠበቁባት የነበረች አምባ ናት። ከእሷ በፊት ግሸን ይህንኑ ሥራ ሠርታለች። ልብ በሉ፣ እዚያ አምባ ላይ የተቀመጡት መሳፍንት አብዛኞቹ ማንንም አልበደሉም፤ ጥፋታቸው ከንጉሥ መወለዳቸው ነው። ዓላማው ቅጣትም ትምህርትም ሳይሆን ማራቅ ነበር። ለወንጀለኛ የሠራነው ቤት ስሙን የወረሰው ወንጀል ካልሠሩ ሰዎች መኖሪያ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

«ከርቸሌ» ከጣሊያንኛው ካርቼሬ የመጣ ነው። «ዓለም በቃኝ» ደግሞ የመናኝ ቃል ነው፤ ዓለምን ንቆ ገዳም የሚገባ ሰው የሚለው። የአዲስ አበባው ሕዝብ ግን ይህን የፈቃድ ቃል ያለ ፈቃድ ለሚገባበት ቤት ሰጠው፤ ምሬቱም ቀልዱም እዚያ ላይ ነው። በኅዳር 1967 የንጉሡ ዘመን ባለሥልጣናት የተረሸኑት በዚያ ግቢ ነው። ዛሬ ቤቱ ፈርሶ ቦታው ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል።

ከእነዚህ ሌላ ደግሞ ቁራኛ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ተቋጥሮ፣ ነገሩ ሲከብድም በሰንሰለት ተሳስረው፣ አብረው እየበሉ፣ አብረው እየተኙ እስከ ዳኛ ይጓዛሉ። ግንብ አላስፈለገም፤ የሰውየው እስር ቤት ከሳሹ ነው። ከቁራኛ የምንማረው፣ ማሰር ጥንት በአመዛኙ ቅጣት አለመሆኑን ነው። ፍርድ እስኪሰጥ ሰውን ማቆያ ነበር። ቅጣቱ ጅራፍ፣ ካሣ፣ ግዞት ወይም ሞት ነው።

አውሮፓም ከዚህ ብዙ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1773 ጆን ሃዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ የቤድፎርድሺር ሸሪፍ፣ ማለትም እስር ቤቱን ጭምር የሚቆጣጠር የአውራጃ ሹም፣ ሆኖ ሲሾም አንድ ነገር አስደነገጠው። ፍርድ ቤት ነፃ ያላቸው ሰዎች ተመልሰው ይታሰራሉ። ምክንያቱም ዘበኛው ደመወዝ የለውም፤ የሚተዳደረው እስረኛው በሚከፍለው ገንዘብ ነው። ንጹሕ ሆነህ ተፈትተሃል፣ የታሰርክበትን ሂሳብ እስክትከፍል ግን አትወጣም። ሃዋርድ አገር ላገር እየዞረ እስር ቤቶችን አይቶ በ1777 መጽሐፍ አሳተመ። ማቆያው መቅጫ፣ መቅጫውም ማረሚያ ይሁን የሚለው አሳብ መስፋፋት የጀመረው በዚያው ዘመን ነው።

አራት ሥራ በአንድ ጣሪያ

የኢትዮጵያ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ገና በአንቀጽ 1 ዓላማውን ሲዘረዝር ቅጣት ጥፋተኛውን ዳግም እንዳያጠፋ እንዲያስጠነቅቅ፣ ለሌላውም ማስተማሪያ እንዲሆን፣ አጥፊው እንዲታረምና ተጨማሪ ወንጀል እንዳይፈጸም እንዲያደርግ ይፈልጋል። በዚህ ላይ በምዕራፍ ሁለት ያየነውን፣ ተበዳይ «ደሜ የት ደረሰ?» የሚለውን ጥያቄ ጨምሩበት። አራት ሥራ ሆነ፦ ብድር ማስመለስ፣ ማስፈራት፣ ማራቅ፣ ማረም።

አንዱ ሥራ ሌላውን ያሰናክላል። ለማስፈራት ቤቱ የሚያስጠላ መሆን አለበት፤ ለማረም ደግሞ ሰው የሚማርበት መሆን አለበት። ለማራቅ ከዘመድ የራቀ ቦታ ይመረጣል፤ ለማረም ዘመድ መቅረብ አለበት። ተበዳዩ «ተመችቶት ተቀምጧል» የሚል ወሬ ሲሰማ እንደገና ይቆስላል። የቤቱ አስተዳዳሪ ጠዋት የሽመና ክፍል ከፍቶ ከሰዓት ጨለማ ቤት ይዘጋል፤ ሁለቱንም ሲያደርግ ሕግ ማስፈጸሙ ነው።

ስለ ማስፈራቱ ብዙ አልልም፤ ለዚህ የታክሲ ሾፌር ይበቃናል። ትራፊክ ፖሊስ የሚቆምበትን መስቀለኛ መንገድ ያውቀዋል። እዚያ ሲደርስ ቀበቶውን ያስራል፣ መስመሩን ይይዛል፤ አልፎ ሲሄድ ይለቀዋል። የቅጣቱ ገንዘብ በእጥፍ ቢጨምር እንኳ ፖሊስ በማይቆምበት መንገድ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ ይህንኑ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1764 ነው፤ ሰውን የሚገታው ከቅጣቱ ክብደት ይልቅ የመያዙ እርግጠኝነት ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች በአብዛኛው ከእሱ ጎን ቆመዋል። አምስት ዓመት የነበረውን ወደ አሥር ከፍ ማድረግ በጋዜጣ ላይ ያምራል፤ ሌሊት አጥር ለሚዘል ሰው ግን ሁለቱም ያው ናቸው፣ እያሰበ ያለው አልያዝም ብሎ ነው።

ማታ ማታ የሚቆጠረው

ከአራቱ ሥራዎች የትኛው ያሸንፋል? የመጋዘን ጠባቂን አስቡ። ስኳሩ እርጥበት ነክቶት ቢደድር፣ ዱቄቱ ቢነቅዝ፣ ነገሩ ከወራት በኋላ ይሰማ ይሆናል። አንድ ጆንያ ሲጎድል ግን በዚያው ቀን አንገቱን ይያዛል። ስለዚህ ቆጠራ ላይ ይበረታል፤ ነቀዙን ለእግዜር ይተወዋል።

እስር ቤትም ጠዋትና ማታ ቆጠራ አለው። ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ የሚተኛ ኃላፊ የለም፤ አንድ ሰው ካመለጠ ጠባቂው መጠየቁ አይቀርም። አንድ ሰው ስድስት ዓመት ተቀምጦ እንደገባ ቢወጣ ግን ማን ይጠየቃል? መታረሙ የሚታየው ከወጣ በኋላ ነው፤ ከዓመታት በኋላ፣ ሌላ ከተማ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት በሚጽፈው ክስ ወይም በማይጽፈው። ከአራቱ ውስጥ በየዕለቱ የሚለካው ማራቁ ብቻ ነው። በጀቱም፣ የሰው ኃይሉም፣ የአለቃው ጭንቀትም ወደዚያው ያዘነብላል። ክፋት አያስፈልገውም፤ ደግ ሰዎች የሚሠሩበት እስር ቤትም ቀስ በቀስ መጋዘን ይሆናል።

መጋዘን ደግሞ ይሞላል። የካሊፎርኒያ ግዛት እስር ቤቶች ወደ 80,000 ለሚጠጋ ሰው የተሠሩ ናቸው፤ ከአሥር ዓመት በላይ የያዙት ግን የዚያን እጥፍ ገደማ ነበር። በስፖርት አዳራሾች ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ተዘርግቶ ሁለት መቶ ሰው ሲያድር የሚጠብቀው ሁለት ወይም ሦስት ሰው ነው። እስከ 54 እስረኛ አንድ መጸዳጃ የሚጋራበት ቦታ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ይህ ሰብዓዊነት የጎደለው ቅጣት ነው ብሎ ቁጥሩ እንዲቀነስ አዘዘ። የሀብታም አገር ሀብታም ግዛት ነው፤ ገንዘብ ብቻውን አላዳነውም።

መጨናነቁ የሚጎዳው ጤናን ብቻ ሳይሆን ሰብሉን ከአረሙ የምትለየውን ያችን ዓይንም ነው። ስልክ የቀማ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅና ቀምቶ መኖርን ሙያው ያደረገ ሰው አንድ ምንጣፍ ላይ ሲያድሩ ማን ማንን እንደሚያስተምር መገመት አይቸግርም። ከዓለም እስረኞች ሲሶ ያህሉ ደግሞ ገና ያልተፈረደባቸው ናቸው። እኛ ጋ «ቀጠሮ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ ቀጠሯቸው ይረዝማል፣ ዋስትና ይከለከላሉ ወይም የዋሱን ገንዘብ ያጣሉ፣ ነገር ግን ቦታ ይይዛሉ። ቁራኛ ቢሆን ኖሮ ከሳሹም አብሮ ስለሚታሰር ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ይጣደፍ ነበር።

ያለ ፈቃድ መመነን

ማረሙን ከልብ አስበው የጀመሩ ሰዎች አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1829 ፊላደልፊያ ውስጥ የተከፈተው ኢስተርን ስቴት የተባለው እስር ቤት እውነተኛ «ዓለም በቃኝ» ነበር። ፅንሰ ሐሳቡ የመጣው ከሃይማኖተኛ ሰዎች ነው፦ እያንዳንዱ እስረኛ ብቻውን ይቀመጥ፤ ዝምታ ይከበው፤ ጣሪያው ላይ አንዲት የብርሃን ቀዳዳ ትኑር፤ ከኅሊናው ጋር ሲፋጠጥ ንስሐ ይገባል። ከክፍሉ ሲወጣ ማንንም እንዳያይ፣ ማንም እንዳያየው ፊቱን በጭንብል ይሸፍኑታል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ እ.ኤ.አ. በ1842 ሄዶ አይቶት ተሰቅቆ ተመለሰ፤ በጎ አሳብ ይዘው የጀመሩት ሰዎች የሚያደርሱትን ሥቃይ መጠን እንደማያውቁ ጻፈ። መናኝ ፈቅዶ ይገባል፣ ጸሎት ሰዓቱን ይከፍልለታል፣ አበው አጠገቡ አሉ። ይህ ሰው ግን ከግድግዳ ሌላ የለውም። ብዙዎቹ አእምሯቸው ታወከ። ሥርዓቱ እየላላ ሄዶ በ1913 በይፋ ተተወ። ዛሬ በማንዴላ ስም የሚጠራው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ሰውን ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ብቻውን መዝጋት ይከለክላል። ጨለማ ቤት ግን በየአገሩ አለ፤ የሚያስገባውም አሁን ንስሐ ሳይሆን ጸጥታ ማስከበር ነው።

የኖርዌይ ማሳ

ሁለተኛውን ገበሬ ከሞላ ጎደል ብቻውን ያሰማራችው ኖርዌይ ናት። መመሪያቸው አጭር ነው፦ ቅጣቱ ነፃነትን ማጣት ነው፣ ከዚያ ሌላ አይጨመርበትም፤ የውስጡ ኑሮ በተቻለ መጠን የውጭውን ይምሰል። መምህሩ፣ ሐኪሙ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው የእስር ቤቱ ተቀጣሪ አይደሉም፤ የሚያገለግሉት የከተማው ሰዎች ገብተው ነው። ጠባቂ ለመሆን ሁለት ዓመት መማር ይጠይቃል፤ ጠባቂና እስረኛ አንድ ገበታ ላይ ይበላሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው ሃልደን እስር ቤት ፎቶው ከሆስቴል አይለይም።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው አንድ ማወዳደሪያ ይጠቅሳል፤ በኖርዌይ ዳግም የሚያጠፋው 20 በመቶ፣ በአሜሪካ 68 በመቶ ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ወደ መምህሩ ሥራ እንመለስ፦ ሁለት መምህራን በሁለት ዓይነት መልስ ያረሙትን ፈተና አታወዳድሩ። የኖርዌዩ ቁጥር በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና የተፈረደባቸውን ይቆጥራል። የአሜሪካው በ30 ግዛቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ከተለቀቁት መካከል በሦስት ዓመት ውስጥ እንደገና የተያዙትን ነው፤ ከተያዙት ውስጥ ነፃ የወጡም አሉ። ልዩነት መኖሩን አልክድም፤ የሚባለውን ያህል ግን አይሰፋም። ደግሞም ኖርዌይ 3,000 ገደማ እስረኛ ያላት ሀብታም አገር ናት። ሃልደንን እንዳለ አምጥተን ሞቃት ቆላ ላይ እንትከለው የሚል ሰው ቢመጣ እኔ አልደግፈውም። የምወስድለት አሳብ፣ የውጭ ሰው ወደ ውስጥ መግባቱን ነው።

ያም ቢሆን እኛ ጋ አለ። በሰልፍ ቆሟል፣ ሳህን ይዟል።

ማንኪያው

የስንቁ ሥርዓት ግፍ አለበት፤ ይህን ሳልል አላልፍም። መንግሥት የፈረደው በልጁ ላይ ነው፤ ሌሊት ተነስተው አውቶቡስ የሚሳፈሩት ግን እናቱ ናቸው፤ ጠያቂ የሌለው እስረኛም ከማንም በላይ ይቸገራል። ሆኖም በዚያች ሳህን ውስጥ ሌላ ነገር አብሮ ይገባል። ከአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት እስር ቤቶች የተፈቱ ከ16,000 በላይ ሰዎችን የተከተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት፣ ጠያቂ የነበራቸው ሰዎች በከባድ ወንጀል ዳግም የመፈረድ ዕድላቸው በ13 በመቶ ያነሰ መሆኑን አግኝቷል። ጠያቂው ነው ያረመው ወይስ ጠያቂ የሚኖረው ሰው መጀመሪያም የተሻለ ነው? ጥናቱ ሌሎች ልዩነቶችን ለማስተካከል ሞክሯል፣ ጥርጣሬው ግን ፈጽሞ አይጠፋም። እኔ ግን የአጎቴ ልጅ በሽቦው ማዶ ቆሞ «የማሚቱ ልጅ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?» ሲለኝ የነበረውን ፊት አይቻለሁ።

ተያዥ

የአጎቴ ልጅ የወጣው በአመክሮ ነው። አመክሮ ማለት ቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ የጨረሰና መልካም ጠባይ ያሳየ ሰው የቀረውን በነፃነት፣ ግን በገደብ እንዲፈጽም መፈቀዱ ነው። እሱ ከተፈረደበት ዘጠኝ ዓመት ስድስቱን ማለት ነው። በእነዚያ ስድስት ዓመታት አናጺነት ተምሯል፤ እንደወጣ ለእናቱ የሠራላት በርጩማ እስካሁን አይወላገድም። ሁለት እንጨት ቤቶች ሥራውን አይተው ወደዱት። የመጀመሪያው «ከወንጀል ነፃ» የሚል የአሻራ ማስረጃ ጠየቀው፤ እዚያው አበቃ። ሁለተኛው አሻራውን ተወውና ተያዥ አምጣ አለው፤ ዕቃ ቢጠፋ የሚከፍል፣ ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው።

እኔ ጋ መጣ። ስለ ሁለተኛው ገበሬ ይህን ሁሉ ገጽ የጻፍኩት ሰው ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ባለቤቴ «አንተ ካልፈረምክለት ማን ይፈርምለታል?» አለችኝ፣ ቀጥላም «ግን ደመወዝህን አስበህ» አለች።

በሦስተኛው ቀን መታወቂያዬን ይዤ ሄድኩ። የእንጨት ቤቱ ባለቤት የሰጋቱራውን ብናኝ በክንዱ ጠርጎ ቅጹን ዘረጋልኝ። «ምን ያህል ጊዜ ያውቁታል?» ይላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ብዬ ሞላሁ። ቀጥሎ «ስለ ጠባዩ ያለዎት አስተያየት» ይላል፤ የተተወለት ቦታ አንድ መስመር ነው።